የሄደው ኤሌክትሪክ በየት ይመለሳል?

ሰው ትልቁን ነገር ለማድነቅ ፈጣን ነው፤ ትንሹን ነገር ለመመርመር ግን ትዕግሥት ያጥረዋል። አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ቀለሙ ማማርና ስለ መቀመጫው ምቾት ደጋግሞ ይጠይቃል። ከኋላ ስላለችው የፍሬን መብራት፣ በውስጧም ስላለችው አውራ ጣት ስለማታህል አምፖል፣ አምፖሏንም ደግፎ ስለያዛት የብረት ቀለበት የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ሆኖም ሞተር እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ድካሙ መኪናውን ገፍቶ ዳር ማስያዝ ነው፤ የፍሬን መብራት እምቢ ሲል ግን ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የፊተኛው መቆሙን የሚያውቀው አንዳንድ ጊዜ ከገጨው በኋላ ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጥገና ነው። «አስተማሪን ከጋራዥ ሥራ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የማስተምረው ፊዚክስ መሆኑን ልንገረው። እኔ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምስለው ነገር ሁሉ በአሮጌ መኪና ውስጥ ዝጎና አቧራ ለብሶ ይገኛል። ልዩነቱ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው መስመር የማይዝግ መሆኑ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ሲባል በቶሎ ወደ ሐሳብ የምትመጣው ቮልስዋገን ናት። ሕዝቡ በቍልምጫ «ቮልስ» ይላታል። በፈርዲናንድ ፖርሸ ንድፍ የተሠራችው ይህች ጀርባዋ ክብ የሆነ መኪና በየካቲት 1964 ዓ.ም. ቁጥሯ 15,007,034 ሲደርስ የአሜሪካውን የፎርድ ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን አለፈች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተው ነበር። በእኛም አገር ከታሪክ ጋር ተሳስራለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የማያስታውስ ሽማግሌ ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ካገደ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያወራው በባትሪ ብቻ ስለሚሄዱት አዳዲስ መኪኖች ነው። ቮልስ ግን ዛሬም በየሰፈሩ እየተንኳኳች ዳገት ትወጣለች።

አጎቴ ከነዚህ አንዷ አለቻቸው። አጎቴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ሲሆኑ መኪናቸው በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራች ግራጫ ቮልስ ናት። ከሌላ ሰው እጅ ከገዟት ብዙ ዘመን ሆኗል። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሱባት፣ ሙሽራ ያጀቡባት፣ ለቅሶ የደረሱባት እርስዋ ናት። ዛሬ ልጆቹ ሁሉ ርቀው ስለ ሄዱ ዋና ሥራዋ አክስቴን በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። አክስቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው ታክሲ ተራ ቆመው ሰልፍ መጠበቅ አይሆንላቸውም።

ባለፈው ክረምት አጎቴ በምሽት ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ያዙ። ከኋላቸው የነበረው ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ «አባት፣ የፍሬን መብራትዎ አይበራም እኮ! በእኔ እጅ ሊሞቱ ነበር» አላቸው።

በማግሥቱ ወደ ጋራዥ ወሰዷት። እዚያ ያየላቸው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የሽቦውን ብዛት ተመለከተና፣ «ሽቦው እንዳለ አርጅቷል፤ ተነቅሎ በአዲስ መተካት አለበት» አለ። የጠራው ዋጋ የአምስት ወር ጡረታቸውን የሚጨርስ ነበር። ወሬውን የሰማ ደላላም ሳይውል ሳያድር በር አንኳኳ፤ የሰጠውም ዋጋ ለመኪና ሳይሆን ለብረት የሚሰጥ ዋጋ ነበር። አጎቴ «ዕቃም እንደ ሰው ያረጃል። ከእንግዲህ ትሂድ» አሉ። አክስቴ ምንም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። እኔም የዚያን ዕለት ለጥየቃ ሄጄ ስለ ነበር፣ «ጋሼ፣ ከመሸጥዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

እንዲህ ያልሁበት ምክንያት ነበረኝ። የብልሽቱን ጠባይ ሲነግሩኝ አንድ የሚያስገርም ነገር ሰምቻለሁ። ፍሬን ሲረገጥ የግራው የኋላ መብራት በደንብ ይበራል፤ የቀኙ ግን ጭል ጭል ይላል፤ አብራው ያለችው ፍሬቻም ሳትጠራ ጭል ጭል ትላለች። የቀኝ ፍሬቻ ሲበራ ደግሞ የኋላው መብራት አብሮ ይርገበገባል። ሽቦ ቢበጠስ ኖሮ መብራቱ ፈጽሞ ይጠፋ ነበር እንጂ ያልተጠራ አምፖል አይበራም። ያልተጠራው ሲመጣ፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ጠፍቶበት በሰው ግቢ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ነገሩን ላብራራው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ፣ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አይሄድም። በቤታችን ለእያንዳንዱ መብራት አንዱ የመሄጃ፣ አንዱ የመመለሻ የሆኑ ሁለት ሽቦዎች እናያለን። በመኪና ውስጥ ግን ወደ አምፖሉ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ የመኪና መብራት ሳሳያቸው ሁልጊዜ፣ «ቲቸር፣ ሁለተኛው ሽቦ የታለ?» ይሉኛል። ሁለተኛው ሽቦ መኪናው ራሱ ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ከመኪናው አካል ጋር ስለ ታሰረ፣ ብረቱ ሁሉ የጋራ መመለሻ ነው። በዚህ ዘዴ ብዙ መዳብ ተርፏል። ነገር ግን የሄደውን ሽቦ ዐይን ያየዋል፤ የመመለሻውን መንገድ ግን ማንም አያየውም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚመረምረው መሄጃውን ነው። በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባቢዎች ይህን ያለ ብዙ ትምህርት ትረዱታላችሁ፤ ደብዳቤ ወጪ መሆኑ በመዝገብ ይታያል፤ መልሱ የት እንደ ቀረ ግን የሚጠይቅ የለም።

የቮልስ የኋላ መብራት የተቀመጠው በፓራፋንጎው ላይ ነው። ፓራፋንጎው ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው በብሎን ሲሆን፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መጋጠሚያ ጥብጣብ አለ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ለመመለስ ከአምፖሉ ቀለበት ወደ መብራቱ ቤት፣ ከመብራቱ ቤት ወደ ፓራፋንጎው፣ ከፓራፋንጎው በብሎኖቹ በኩል ወደ መኪናው አካል መሻገር አለበት። በነዚህ መሻገሪያዎች ላይ የስንት ክረምት ጭቃ ተረጭቷል። ዝገት ደግሞ የብረት ልጅ ቢሆንም ኤሌክትሪክ በማሳለፍ አባቱን አይመስልም።

መመለሻው ሲዘጋ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ ምን ያደርጋል? በአንዲት የኋላ አምፖል ውስጥ የፍሬኑና የማታው መብራት ሁለት ክሮች አሉ፤ ሁለቱም በቀለበቱ ላይ ይገናኛሉ። በቀለበቱ በኩል መውጫ ያጣው ኤሌክትሪክ በሁለተኛው ክርና በጎረቤቲቱ የፍሬቻ አምፖል ውስጥ ወደ ኋላ ይገባና፣ በነርሱ ሽቦ ተጕዞ በሌላ አምፖል በኩል መውረጃ ይፈልጋል። መውረጃ ቦይ የተደፈነበት የዝናብ ውሃ በጎረቤት ግቢ እንደሚያልፍ ማለት ነው። ረጅሙን መንገድ በብዙ ክር ውስጥ ስለሚያልፍ ይደክማል፤ ሁሉም ጭል ጭል ይላል፤ አንዱም በደንብ አይበራም።

ይህ ችግር በአሮጌዎቹ ቮልሶች ላይ የሚበረታበት ሌላ ምክንያት አለ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የቮልስ ባትሪ 6 ቮልት ነበር፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተለወጡ። 21 ዋት የሆነች አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ስትወስድ፣ በ6 ቮልት ግን እጥፉን፣ 3.5 አምፔር ትወስዳለች። አሁን በመመለሻው ላይ ያለው ዝገት አንድ ኦም ያህል እንቅፋት ቢሆን፣ የ12 ቮልቷ አምፖል በግምት 10.5 ቮልት ይደርሳታል። የ6 ቮልቷ ግን የሚደርሳት 3.8 ያህል ብቻ ነው። ለአንዷ ከስምንት አንድ እጅ የሚወስደው ዝገት ከሌላዋ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይነጥቃል ማለት ነው። ድኻ ቤት የገባ ሌባና ሀብታም ቤት የገባ ሌባ እኩል ቢሰርቁም ጉዳቱ እኩል አይሆንም።

ቅዳሜ ጧት ይዤ የሄድሁት መሣሪያ ይህን ያህል ነበር፤ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ትንሽ ቫዝሊን፣ እንዲሁም የመሞከሪያ መብራት። የመሞከሪያ መብራት የሚባለው የ6 ቮልት ትንሽ አምፖል ሆኖ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች የተበየዱለት ነው። ማንም ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ አድርጎ አምፖሉ ራሱ ደኅና መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ምስክር ከመጠየቁ በፊት ታማኝነቱ ይፈተናልና።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ መቀመጫው በታች በስተቀኝ ነው። የመሞከሪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አሰርሁ። አጎቴ በመሪው በኩል ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ተንበረከክሁ።

«ይርገጡ፣ ጋሼ!»

ረገጡ። ሌላውን ጫፍ ለፍሬን ኤሌክትሪክ በሚያመጣው መናኸሪያ ላይ ብነካው የመሞከሪያው መብራት ቦግ አለ። እንግዲያው ከባትሪው ተነሥቶ፣ በፊውዙ አልፎ፣ በፍሬን ማብሪያው በኩል ዞሮ እስከዚህ የደረሰው ሽቦ ሁሉ ንጹሕ ነው። ይነቀል፣ ይጣል የተባለው ሽቦ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ቀጥሎ የመሞከሪያውን ጫፍ ከኔጋቲቭ ፈትቼ ወደ ፖዘቲቩ አዛወርሁት። አሁን የሚመረመረው መመለሻው ነው። ሌላውን ጫፍ በመኪናው አካል ላይ፣ ቀለም በሌለበት ቦታ ብነካው በደንብ በራ። በአምፖሉ ቀለበት ላይ ብነካው ግን እንደ ክብሪት ፍም ቀላ ብሎ ቀረ። በቀለበቱና በመኪናው አካል መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ብልሽቱም በዚያች ክንድ በማትሞላ መንገድ ላይ ተከማችቶ ነበር።

እጅ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ መፈታት አለበት። ኔጋቲቩ የሚቀድምበት ምክንያት አለው። ፖዘቲቩን በመጀመሪያ የሚፈታ ሰው መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካበት ያለ ፊውዝ ባትሪውን ከራሱ ጋር ያጋጨዋል፤ ብልጭታውም ቀላል አይደለም። ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን መመለሻ ስለሌለ መፍቻው የትም ቢነካ አንዳች ነገር አይሆንም። ደግሞም በቮልስ ውስጥ የባትሪው ክዳን ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ሌላ ማበጀት ይገባል። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ምሰሶዎች ሊነካና እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

መብራቱን ከፓራፋንጎው ፈታሁት። ከሥሩ የደረቀ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ደግሞ አንድ ዘመን ላይ መኪናዋ ስትቀባ የፈሰሰ ቀለም ተገኘ። ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጸዳሁ። የአምፖሉን ቀለበትና ከሥር የምትገፋውን የመዳብ ምላስ እንዲሁ አደረግሁ። ከቀለበቱም አንድ አዲስ ሽቦ በይጄ በቀጥታ ወደ መኪናው አካል ወሰድሁና ንጹሕ በሆነ ብሎን አሰርሁት፤ ከእንግዲህ መመለሻው በፓራፋንጎው ብሎኖች ቸርነት ላይ አይንጠለጠልም። በመጨረሻም አየርና ውሃ ብረቱን እንዳይነኩት መጋጠሚያዎቹን ቫዝሊን ቀባኋቸው።

ባትሪው ታሰረ። አጎቴ ፍሬን ረገጡ። ከኋላችን ያለው የግቢው አጥር ቀይ ሆነ።

አጎቴ ወርደው አዩት። ተመልሰው ገቡና እንደገና ረገጡ፤ በመስተዋቱም አጥሩን ተመለከቱ። «ብልሽቱ ይኸው ብቻ ነበር?» አሉኝ።

«ይኸው ብቻ ነበር፣ ጋሼ።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «በዚህ ምክንያት ነው እንግዲህ ልሸጣት የነበረው» አሉ።

ለእውነት ስል አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ ሽቦ ሁሉ ደኅና ነው ማለቴ አይደለም። በሞተሩ ሙቀት አጠገብ የሚያልፍ ሽቦ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ያለውን መለወጥ ግዴታ ነው። እኛም በዚያው ቀን ሁለት ክንድ ያህል የተሰነጠቀ ሽቦ ከሞተሩ ክፍል አውጥተን በአዲስ ተክተናል። ነገር ግን ሁለት ክንድ አንድ ነገር ነው፤ የመኪናው ሽቦ በሙሉ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአምስት ወር ጡረታ ነው።

ሌሎቹም ጥቃቅን ዕቃዎች እንደዚሁ ናቸው። የቮልስ ፊውዝ ከነጭ ወይም ከቀይ ሸክላ የተሠራ ጣት የማያህል ነገር ሲሆን፣ በላዩ ላይ ቀጭን ብረት ተዘርግቶበታል፤ ነጩ ለ8፣ ቀዩ ለ16 አምፔር ነው። ብዙ ጊዜ ሳይቃጠል ጫፉ ስለሚዝግ ብቻ ሥራ ያቆማል፤ አውጥቶ ጫፎቹንና መቆንጠጫዎቹን ማጽዳት ይበቃል። ሲቃጠል ግን በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ይህ ዘበኛን አስሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው፤ የቮልስ የቤንዚን ታንክ ያለው ከፊት ለፊት፣ ከእግራችን ብዙም ሳይርቅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ፍሬቻ የምቱን ፍጥነት ሲለውጥ ደግሞ አንደኛዋ አምፖል ተቃጥላለች ወይም መናኸሪያዋ ዝጓል ማለት ነው። ክላክስም የሚያስተምረን ነገር አለው። በቮልስ ውስጥ ክላክሱ ኤሌክትሪኩን ከፊውዙ በኩል ቀድሞ ያገኛል፤ ሾፌሩ ሲጫን የሚሰጠው መመለሻውን ብቻ ነው። ክላክስ ዝም ያለ እንደ ሆነ ከመሪው ሥር ያለውን መመለሻ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

ይህ ሥራ የራሱ ቋንቋ ያለው መሆኑም ያስደስታል። የጋራዡ አማርኛ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ክላክሱንና ሞተሪኖውን ከጣሊያንኛ ወስዷል። «ፍሬቻ» ማለት በጣሊያንኛ ፍላጻ ነው፤ በጀርመን የሚሸጡት ቮልሶች እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ አቅጣጫ የሚያሳዩት ከበሩ አጠገብ ብድግ በሚል ትንሽ ክንድ ስለ ነበር ስሙ በእርግጥ ይስማማዋል። በዕቃዎቹ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ግን የጀርመን ናቸው። «ዲን 72552» በተባለው ደንብ መሠረት 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ 15 ቁልፍ ሲዞር የሚከፈተው፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው፣ 58 የኋላ መብራት፣ 56ሀ ረጅሙ፣ 56ለ አጭሩ የፊት መብራት ነው። 31 ደግሞ መመለሻው ነው። እነዚህን ሰባት ቁጥሮች የሚያውቅ ሰው ከመኪና ሽቦ ጋር መነጋገር ጀመረ ማለት ነው።

አጎቴ ቁጥሮቹን ስነግራቸው ሮጠው ደብተር አመጡ። እንደ ሒሳብ መደብ አንድ በአንድ በቀይና በሰማያዊ ቀለም መዘገቧቸው። 31 ላይ ሲደርሱ ፈገግ ብለው፣ «ይህንንስ ዐውቀዋለሁ። ወጪ የሆነ ሁሉ ተመላሹ ካልታየ ሒሳቡ አይዘጋም» አሉ። ይህን ሁሉ ዓመት በሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ይህን የሚበልጥ አላገኘሁም፤ ለተማሪዎቼም ከዚያ ወዲህ የምነግራቸው በእርሳቸው ቃል ነው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ወይም የአባታችሁ አሮጌ መኪና በግቢ ቆማ የምታዩ ወጣቶች፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት አንዲት የመሞከሪያ መብራት ሥሩ። የወጪው ጠቅላላ ድምር ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይበልጥም። መሄጃውን መርምሩ፤ ከዚያም ሰው የማይመረምረውን መመለሻ መርምሩ። ሁሉም ነገር ተበላሽቷል የሚል ፍርድ ለመስጠት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ የተበላሸችውን አንዲት ነገር ለማግኘት ግን አንድ ቅዳሜ ሊፈጅ ይችላል።

በተከታዩ ማክሰኞ አክስቴ ሐኪም ቤት የሄዱት በቮልሷ ነው። ከመግባታቸው በፊት ግን እጄን ይዘው ወደ ኋላ ወሰዱኝና አጎቴን፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ርገጠው፣ እኔም ልየው» አሏቸው።